ጋሽ ደምሴ ያላዩት ትል

ንስሐ አባቴ በየፍልሰታው ይጠይቁኛል፤ እኔም በየፍልሰታው እናዘዛለሁ። ሰው ማማቴን፣ ጾም መግደፌን፣ ከእህቴ ጋር መኳረፌን እነግራቸዋለሁ። ይህኛውን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩትም። አብረውኝ ለሠሩትም አልተነፈስኩም። እናንተ የመጀመሪያዎቹ ናችሁ። ምናልባት ስለማታውቁኝ ይሆናል የቀለለኝ፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ እዚህ ድረስም አልመጣም ነበር።

ነገሩ ሲጠቃለል አጭር ነው። ማይክሮስኮፕ ስር በሚገባ ትንሽ መስታወት፣ ስላይድ በምንለው ላይ፣ አንድ ትል አየሁ፤ አይቼም ዝም አልኩ። ትሉ የነበረባት ሴት ሞተች። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ ይህ እንዴት እንደሆነ ነው። መሐል ላይ ሰበብ ስደረድር ካገኛችሁኝ አትመኑኝ፤ ሰበብ መደርደር እችልበታለሁ።

ሙያዬ ላቦራቶሪ ነው። ጎንደር ተምሬ ሁመራ ወርጄ የካላዛር በሽተኞችን ስመረምር ቆየሁ፤ ከዚያ ዲቪ ደረሰኝና ሜሪላንድ ገባሁ። እንደብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ሆቴል አልጋ አነጠፍኩ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎች አጋማሽ ላይ ፈተናውን አልፌ የሙያ ማረጋገጫዬን ያዝኩ። ማረጋገጫ መያዝና ሥራ ማግኘት ግን ለየቅል ሆነብኝ። ያስገባሁት ማመልከቻ ሁሉ መልስ አልነበረውም።

ሥራውን ያገኙልኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ስንቱን የላቦራቶሪ ባለሙያ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ውስጥ ከየክሊኒኩ ናሙና የሚቀበል አንድ ትንሽ የግል ላቦራቶሪ ገቡና የጥገኛ ተሕዋስያን ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ትል፣ አሜባ፣ ጃርዲያ የሚባል ነገር ሁሉ በሳቸው ማይክሮስኮፕ ስር ያልፋል። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አንድ እሑድ ሰው አስተዋወቀንና የት ተማርሽ፣ ማን አስተማረሽ ብለው ጠየቁኝ። የነገርኳቸው መምህር የሳቸው ተማሪ ሆኖ ተገኘ። በማግሥቱ ማመልከቻዬን ራሳቸው ይዘው ኃላፊያቸው ሊንዳ ቢሮ ገቡ። «ካልሠራችልሽ እኔም አብሬያት እወጣለሁ» እንዳሏት በኋላ ራሷ ሊንዳ እየሳቀች ነገረችኝ።

ሁለታችንም የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ስለነበር በሳቸው መኪና አብረን እንመላለስ ጀመር። ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ትራፊክ ሲይዘን እሳቸው ስለ ትል እያወሩ። በመንገድ ላይ ያስተማሩኝ ጎንደር ከተማርኩት አይተናነስም። ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም አባቴን ያጣሁት ትንሽ ሆኜ ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም መሰለኝ።

ስኳር ነበረባቸው፤ ስኳሩ ዓይናቸውን እየበላው ነበር። ይህን ያወቅሁት አንድ ዝናባማ ጠዋት መውጫችንን አልፈው ሌላ መንገድ ውስጥ ሲገቡ ነው። በማግሥቱ ቁልፉን ዘረጉልኝና «ዛሬ አንቺ ንጂ፣ ጀርባዬን አሞኛል» አሉ። ጀርባቸው ከዚያ ወዲያ አልዳነም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌሯ እኔ ሆንኩ።

መኪና መንዳቱን ለኔ ሰጡኝ፤ ማይክሮስኮፑን ግን ለማን ይሰጡታል? እኔም ዘዴ ፈጠርኩ። እሳቸው ካዩት ናሙና የተረፈውን ከቱቦው ቀድቼ አዲስ ስላይድ እሠራና ተደብቄ አየዋለሁ። እሳቸው የሳቱት ነገር ካለ ውጤቱ ከመላኩ በፊት ማይክሮስኮፑን መሐል ላይ አስተካክዬ እጠራቸዋለሁ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ፣ ተጠራጠርኩ» እላለሁ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ ያያሉ። «ጃርዲያ ነው። ጎበዝ፣ ዓይንሽ እየሰላ ነው» ይሉኛል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛቸው ተመልሰው የራሳቸውን ውጤት ዝም ብለው ያስተካክላሉ። እንደማውቅ ያውቁ ነበር፤ እንደሚያውቁም አውቅ ነበር። አንድም ቀን ግን አልተነጋገርንበትም።

ይህን ነገር ለሊንዳ ማስረዳት አይቻልም። ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር አብራችሁኝ አድጋችሁበታል። ያስተማረህን፣ ያበላህን፣ ስምህን በራሱ ስም ያስያዘልህን ሽማግሌ «ተሳስተዋል» ማለት በአፋችን አይመጣም። ዘዴዬ ያኮራኝ ነበር፤ ማንንም ሳላስቀይም ሁሉንም አዳንኩ ብዬ አስብ ነበር። ዓይኑ ለደከመ ሰው ያንን ጠረጴዛ መተው በሽተኛውን ሁሉ በኔ ዘዴ ላይ ማንጠልጠል መሆኑን አላሰብኩትም። ላሰበው የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ እኔ ነበርኩ።

አንድ ጊዜ ዘዴው ከሸፈ። ጥርስ ሐኪም ቤት ቆይቼ ስደርስ የተሳሳተ ውጤት ወጥቶ ነበር፤ ክሊኒኩ አቤት አለና የተስተካከለ ሪፖርት መላክ ግድ ሆነ። ሊንዳ ሁለታችንንም ጠርታ በትሕትና ተናገረች። ከዚያ ጠረጴዛ ሌላ የተስተካከለ ሪፖርት ከወጣ ሚስተር ደምሴ ወደ ናሙና መቀበያው ይዛወራሉ አለች። ጋሽ ደምሴ «ኦኬ ሊንዳ» ብለው ወጡ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ትል አላወሩም።

አሁን ስለ ኤልቪራ ልንገራችሁ። ኤልቪራ የሕንፃችን ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ቦሊቪያዊት ናት። በዚያ አካባቢ፣ አጠገቡ ያለችው አናንዴልም ጭምር፣ የሷ አገር ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራችን ሲያልቅ የሷ ይጀምራል፤ ጋሪዋን እየገፋች ትመጣና ጓንቴን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ካገኘችኝ ጣቷን እያወዛወዘች ትቆጣኛለች። «ዶክቶራ» ነበር የምትለኝ። ዶክተር አይደለሁም ብላት አልሰማችኝም፤ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ለሷ ዶክተር ነው። የኔ ስፓኒሽና የሷ እንግሊዝኛ እኩል ስለነበሩ እኩል እንሳሳቃለን። ሴት ልጇን ኮሌጅ እያስተማረች ነበር፤ ስለ ልጇ ስታወራ ቁመቷ የሚጨምር ይመስል ነበር።

አንድ ቀን ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ልቧ ሰፍቶ፣ ምቱ ተዛብቶ ተገኘ። ከየት አገር እንደመጣች ስትናገር ሐኪሙ ቻጋስ ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። ቻጋስ የሚባለው በሽታ በላቲን አሜሪካ ገጠር፣ በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ከሚኖር ተባይ የሚመጣ ነው። ተባዩ ሌሊት ወጥቶ የተኛን ሰው ይነክሳል፤ ከሱ የሚገባው ጥገኛ ለብዙ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ልብን ያደክማል። የካላዛሩ ጥገኛ የሩቅ ዘመዱ ነው፤ ስለሚመሳሰሉ አንዱ የሌላውን የደም ምርመራ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ የኤልቪራ ደም በሁለት የተለያየ መንገድ ተመረመረ፤ ሁለቱም ቻጋስ አለባት አሉ።

ሐኪሟ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የቻጋሱን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የሰገራ ምርመራ አዘዘና ራሱ ስልክ ደውሎ ጋሽ ደምሴን አነጋገራቸው። እሳቸውም በመንገድ ላይ ነገሩኝ፤ እንዲህ ያለ ሐኪም ብርቅ ነው እያሉ። እንደዚህች ሴት ካለ ከቆላ ገጠር የመጣ ሰው አንድ ጥገኛ ከተገኘበት ሌላም ደርቦ ሊኖርበት ይችላል። ሐኪሙ የፈራው ስትሮንጂሎይደስ የሚባለውን ትል ነው። ይህ ትል ሰው አንጀት ውስጥ ሃያ ሠላሳ ዓመት ያለ ምልክት ይቀመጣል፤ ሰውነት በራሱ አቅም አፍኖ ይይዘዋል። ያንን አቅም የሚያደክም መድኃኒት ከተሰጠ ግን ይራባል፣ አንጀት በስቶ ሳንባና ደም ውስጥ ይገባል፣ ሰውየውን ይገድለዋል። የቻጋሱ ክኒን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቆዳ ያስቆጣል፤ ቆዳው ሲቆጣ የሚሰጠው መድኃኒት በትክክል ያ አደገኛው ነው። ሐኪሙ ማወቅ የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ ቆዳዋ ቢቆጣብኝ ያንን መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶንን፣ ልስጣት ወይስ አልስጣት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፣ ለፈተናው አጥንቼዋለሁ፣ ጋሽ ደምሴም መኪና ውስጥ ደግመው ነግረውኛል። አላወቅሁም ማለት አልችልም።

የኤልቪራ ናሙና በገባበት ቀን እኔ ጌይተርስበርግ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። የሟቹን ዘመድነት አሁን እንኳን ቆጥሬ አልጨርሰውም፤ በሕይወት ሳለ ብዙም አልተገናኘንም። ካልሄድኩ ግን ምን ይሉኛል? ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ በባቡርና በአውቶቡስ አሌክሳንድሪያ ደርሰው፣ የኤልቪራን ስላይድ ብቻቸውን አይተው፣ ጥገኛ የለም ብለው ውጤቱን ላኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ገብቼ የሷን ስም ቱቦው ላይ አየሁት። ስለማውቃት ከሁሉ በፊት የሷን ቀዳሁ። ስላይዱን ሠራሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ከጥግ ጀምሬ መስመር በመስመር ሄድኩ። ብዙም ሳልሄድ አገኘሁት። ናሙናው እንዳይበላሽ በሚጨመረው ፎርማሊን ውስጥ ስለቆየ አይንቀሳቀስም፤ ትንሽ እጥፍ ብሎ ተኝቷል። አፉ አጭር፣ ጉሮሮው ወገቡ ላይ እንደ ጠርሙስ አንገት የጠበበ፣ ጭራው ሹል። ጎንደር ሳለሁ ስንቱን አይቻለሁ። ራሴን አንስቼ ተነፈስኩና ደግሜ አየሁት። ያው ነበር። ስትሮንጂሎይደስ ነበር።

አየሁት። ይህን ቃል ደጋግሜ የምጽፈው ሌላ ማንም ስላልጻፈው ነው። አየሁት።

ጋሽ ደምሴ ከጀርባዬ፣ ጠረጴዛቸው ላይ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር። «እስቲ ይቺን ይዩልኝ» ብዬ ልጠራቸው አፌ ድረስ መጣ። ግን ውጤቱ ሄዷል፤ ዝም ብለው የሚያስተካክሉት ነገር የለም። አሁን የሚቻለው የተስተካከለ ሪፖርት ነው፣ የተስተካከለ ሪፖርት ደግሞ ሊንዳ ናት። ጡረታቸው ደርሶ ነበር፤ እኛ ሐበሾቹ ሲልቨር ስፕሪንግ አዳራሽ ተከራይተን ልንሸኛቸው እየተመካከርን ነበር። ከዚያ በፊት ቱቦ ላይ ስም ሊለጥፉ መቀበያው መስኮት ላይ ይቀመጡ?

ሚስታቸው ታማባቸው ቢሆን ወይም የሚያስተምሩት ልጅ ቢኖራቸው ዛሬ ትንሽ ሰበብ ይኖረኝ ነበር። ምንም አልነበረባቸውም። ቢዛወሩ ደሞዛቸው እንኳን አይነካም። የሚነካው ፊታቸው ነበር። የሚነካው እኔ ወደ ቤት ስነዳ ከጎኔ የሚቀመጠው ዝምታቸው ነበር። ለዚህ ስል ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ አንስቼ የመርፌና የመስታወት ስብርባሪ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። ቱቦው ከሌሎቹ ጋር ቀኑ ሲደርስ ተወገደ።

ከዚያ ደግሞ ጎበዝ ሰው የሠራሁ መስሎኝ ክሊኒኩ ደወልኩ። ናሙናው ስላነሰን ሌላ ብታመጣ ጥሩ ነው አልኳት ነርሷን። ውሸት ነው፤ ናሙናው አላነሰም። ነርሷ እሺ እንነግራታለን አለች። ነግረዋታል። ኤልቪራ ግን ቀን ሆቴል፣ ማታ የኛን ሕንፃ የምትሠራ ሴት ናት። ውጤትሽ ነጻ ነው ተብላ እንደገና ሰገራ አምጪ ስትባል ለምን ትቸኩላለች? አላመጣችም። እኔም ድርሻዬን ተወጥቻለሁ ብዬ ተኛሁ። እንቅልፍም ወሰደኝ።

ለራሴ ምን እል እንደነበር ታውቃላችሁ? ትል ነው እል ነበር። እኛ አገር ትል የሌለበት ማን ነው? ኮሶ ጠጥተን ስናስወጣ ያደግን ሰዎች ትልን እንደ ጉንፋን ነው የምናየው። ትልቁ በሽታዋ ቻጋስ ነው፣ ቻጋሱ ታውቋል፣ ልቧን የሚያየው ሐኪም አላት፤ ትሉ ይቆያል እል ነበር። በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ጠላት ሲኖር ስም ያለውን አይቶ ስም የሌለውን መናቅ ቀላል ነው። እኔ ግን ስሙን አውቀው ነበር።

ይህ የመጀመሪያው ዝምታ ነው። እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለንስሐ አባቴ እነግራቸው ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከሥራ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ፤ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቀልቶ አብጧል። የቻጋሱ ክኒን ነው አለች፣ ሌሊቱን ስታክ እንደምታድር በእጇ እያሳየች። ሐኪሙ አቋርጦላት ለማሳከኩ ሌላ ሰጥቷታል። ከሽርጧ ኪስ ትንሽ ብልቃጥ አወጣችና ዘረጋችልኝ። «ዶክቶራ፣ ይሄ ጥሩ ነው?» አለችኝ።

ተቀበልኳት። አነበብኩት። ፕሬድኒሶን ይላል።

እዚያ ኮሪደር ላይ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ሊንዳ የለችም፣ ጋሽ ደምሴ ታች መኪናው ጋ ይጠብቁኛል። «ይህን አትውሰጂ፣ ነገ ጠዋት ሐኪምሽ ጋ ሂጂና እንደገና ይመርምርሽ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ለዚህ የሚሆን ስፓኒሽ ነበረኝ። ግን ለምን ብትለኝስ? ሐኪሙ ማን አላት ብሎ ቢደውልስ? መቼ አወቅሽ፣ አውቀሽስ ለምን ዝም አልሽ ብባልስ? ያን ጊዜ የማስበው ስለ ጋሽ ደምሴ አልነበረም። ማረጋገጫዬን አሰብኩ፣ ሥራዬን አሰብኩ፣ የምባለውን አሰብኩ። የመጀመሪያውን ዝምታ ለሳቸው ብዬ ነው ማለት እችል ይሆናል። ሁለተኛው የራሴ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የራሴ።

ብልቃጡን መለስኩላት። «ሐኪምሽ እንዳለሽ አድርጊ» አልኳት። ክንዴን ነካ አድርጋ አመሰገነችኝ።

አንድ ሰሞን ጋሪውን ሌላ ሴት ስትገፋ አየሁና ደነገጥኩ። ኤልቪራ ሆስፒታል ገብታለች አለችኝ፤ ሳንባዋ ነው፣ መተንፈስ አቅቷታል። እዚያ አክታዋን ሲመረምሩ ትሉን አገኙት፤ የሚርመሰመስ ትል። መድኃኒቱ ተሰጣት፤ ግን ረፍዶ ነበር፣ ደሟም ተመርዞ ነበር፣ የደከመው ልቧም አልቻለም። ሞተች። ሴት ልጇና ባሏ ተመርምረው ልጇ ላይም ትሉ ተገኘ። እሷ በጥቂት ክኒን ዳነች። እናቷንም የሚያድናት ያው ጥቂት ክኒን ነበር።

ሐኪሟ ሊንዳ ጋ ደወለ። ሊንዳ ጋሽ ደምሴንና እኔን ቢሮዋ አስገብታ በሩን ዘጋች። የዚያን ቀን ናሙና ማን እንዳየው ጠየቀች። ጋሽ ደምሴ ከወንበሩ ተነሱ። ቆመው ነው የተናገሩት፣ በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው።

«ዓይኔ ነው ሊንዳ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። ማንንም አትጠይቂ።»

ሊንዳ ግን እኔን ጠየቀችኝ፤ በማግሥቱ ስትገቢ ናሙናውን አይተሽው ነበር ወይ አለችኝ። ጋሽ ደምሴ ወደኔ አላዩም። «አላየሁም» አልኩ። አንድ ቃል ናት፣ አማርኛ አልነበረችም፣ ግን በአማርኛ ነው የማስታውሳት። አላየሁም።

ማንም አላባረራቸውም። እሳቸው ግን ጋዋናቸውን አጥፈው ወንበራቸው ላይ አስቀመጡና ዕቃቸውን በአንድ ከረጢት ይዘው ወጡ። አዳራሹንም ሽኝቱንም እንድንተው ለመኑን። በዚያ ቀን ስነዳቸው ድልድዩ ላይ ትራፊክ ያዘን። «ሴትዮዋን ታውቂያት ነበር አይደል?» አሉኝ። አዎ ጋሼ አልኳቸው። «ልጅ አላት?» አሉ። አንዲት ሴት ልጅ አለቻት አልኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ በራቸው ላይ ስንደርስ ስለነዳሁ አመሰገኑኝ።

አስቡት እስቲ። የሚያሳፍር ሪፖርት እንዳይወጣባቸው ብዬ የሰው ነፍስ ጫንኩባቸው። ዝም ባልል ኖሮ መስኮቱ ላይ ጥቂት ወር ስም እየለጠፉ ጡረታ ይወጡ ነበር፤ ቅር ይላቸው ነበር፣ እኔንም ለአንድ ሳምንት ያኮርፉኝ ነበር። አለቀ። በሱ ፋንታ ነፍሰ ገዳይ ነኝ ብለው አመኑ። ያመኑትም በኔ ዝምታ ነው።

ንስሐ አባታቸው ጋ ሄደው ተናዘዙ። ይህን የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ናቸው። ቄሱ ሳያውቁ የሠሩት ነው፣ ዓይን የእግዚአብሔር ነው ብለው ቀለል ያለ ቀኖና ሰጧቸው። ጋሽ ደምሴ ግን ከታዘዙት በላይ ጨመሩበት። የስኳር በሽተኛ ሆነው ይጾማሉ፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ይሰግዳሉ፣ የማያውቋትን የኤልቪራን ስም ይዘው ይጸልያሉ። እትዬ አስቴር ደውለው «ኧረ ልጄ ነይና ተው በይው፣ አንቺን ይሰማል» ይሉኛል። እየሄድኩ ጋሼ ይበቃል፣ እግዚአብሔር ያውቃል እላቸው ነበር። እንዲህ ስል አንደበቴ አልተሳሰረም። ለበዓል እየሄድኩ፣ መድኃኒታቸውን እያመጣሁ፣ ሐኪም ቤት እየወሰድኳቸው ዓመታት አለፉ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለች ታማኝ ልጅ ናት ይል ነበር፤ እኔም እሰማ ነበር።

በመጨረሻ ኩላሊታቸው ደከመ፤ አልጋ ላይ ዋሉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስገባ እትዬ አስቴር ማድቤት ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ወንበሩን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩ፣ እጄን ያዙኝ።

«ሰብለ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «የኔን ስላይዶች ከኋላዬ ታዪ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም ዝም አልኩ፣ አንቺም ዝም አልሽ። ያን ጊዜ ግን፣ ከለቅሶው በተመለስሽ ቀን... አይተሽው ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር፣ አይደል?»

እንዴት ለስለስ አድርገው እንደጠየቁኝ ልነግራችሁ አልችልም። በሩን ከፍተው ቆመው የሚጠብቁኝ ይመስሉ ነበር። አውቀውት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንድ ቃል ብል ያንን ሁሉ ዓመት የተሸከሙትን አውርደው ይሞቱ ነበር።

«እንዴታ ጋሼ!» አልኳቸው። «እነግርዎት ነበር እንጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው የኔው ነው» አሉ። እትዬ አስቴርን ጠሩና ደግፊኝ ልስገድ አሏቸው። ዶክተሩ ከአልጋ አይውረዱ ብሏል ብንል አልሰሙንም። እትዬ አስቴር በአንድ ክንዳቸው፣ እኔ በሌላኛው ይዘን አወረድናቸው። ክንዳቸው ቀሎ ነበር። ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ዝቅ አደረግናቸው፣ መልሰን አነሳናቸው፣ እንደገና ዝቅ አደረግናቸው። በየስግደቱ «ስለ ኤልቪራ» ይላሉ፤ እኔ ክንዳቸውን ይዤ እሰማለሁ። በዚያው ሰሞን ዐረፉ።

ይቅርታ የምጠይቃቸው ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው። የኤልቪራ ልጅ ግን አለች፤ አናንዴል እንደምትኖር አውቃለሁ፣ የት እንደምትሠራም አውቃለሁ። ከእናንተ በፊት ይህን መስማት የነበረባት እሷ ናት። መኪናዬን እዚያ ድረስ ነድቼ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ ተቀምጬ ተመልሻለሁ። ስለዚህ ማሩኝ አልላችሁም፤ የእናንተ ምሕረት እሷ ጋ ላለመሄድ ሌላ ሰበብ ይሆነኛል። የኔን ኃጢአት ሌላ ሰው ሲሰግድልኝ ክንዱን ይዤ ዝቅ ቀና ያደረግሁ ሰው ነኝ። ያን ቀንም ዝም አልኩ።